ክርክር፦ የሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ መታደስ ነበረበት ወይስ ከነዝገቱ ይቆይ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን አንድ አሮጌ የከተማ አውቶቡስ ነው። ቁጥሩ 2857። ጄኔራል ሞተርስ በ1948 ነው የሠራው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 አላባማ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ላይ፣ ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ ከወንበሬ አልነሳም ብላ የታሰረችው እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ጥቁሮች ለ381 ቀናት አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሄዱ።

አውቶቡሱ ራሱ ሥራውን ቀጠለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአገልግሎት ሲወጣ አንድ የከተማዋ ሰው ገዝቶ ሜዳ ላይ አቆመው። የእንጨትና የመሣሪያ ማስቀመጫ ሆነ። 30 ዓመት ገደማ እዚያው ቆሞ ዛገ። በ2001 በኢንተርኔት ጨረታ ቀረበና ሚሺጋን የሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም በ492,000 ዶላር ወሰደው። ከ300,000 ዶላር በላይ ወጥቶበት የ1955 መልኩን እንዲይዝ ተደረገ። በ2003 ለሕዝብ ተከፈተ። ጎብኚ ገብቶ መቀመጥ ይችላል።

እኔ ማደሱ ስህተት ነበር ባይ ነኝ። የዛገው አውቶቡስ አገሪቱ ታሪኳን እንዴት ሜዳ ላይ እንደጣለች ይናገር ነበር። አሁን ያለው አዲስ ቀለም የተቀባ አውቶቡስ ነው። እስቲ ተከራከሩኝ።

ላሜራ ቤት፦
ወንድሜ፣ አንተ ላሜራ ይዘህ አታውቅም። እውነቴን ነው። ዝገት እኮ ፎቶ አይደለም፣ ባለበት አይቆምልህም። ዛሬ ነጥብ ነው፣ ነገ ቀዳዳ ነው፣ ከዚያ በእጅህ ይረግፋል። ይሄ የአውቶቡስ ዓይነት ደግሞ በወፍራም ሻሲ ላይ ቤት የተጫነበት አይደለም። አካሉ ራሱ ነው ሸክሙን የሚሸከመው። አካሉ ከተበላ አውቶቡስ የለህም።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሞዴል ስለ ሮዛ ብቻ አትዩት። ጄኔራል ሞተርስ ከ1940 እስከ 1969 የሠራው የዚህ ቤተሰብ አውቶቡስ የአሜሪካን ከተሞች ሞልቶ ነበር። የሞዴሉ ስም ቲዲኤች 3610 ነው። ‹‹ቲ›› የከተማ ትራንስፖርት፣ ‹‹ዲ›› ናፍጣ፣ ‹‹ኤች›› አውቶማቲክ ማርሽ፣ 36ቱ የወንበሩ ብዛት። ሞተሩ ከኋላ፣ አግድም ነው የተቀመጠው። ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሄደ የፊት በሩ ከሾፌሩ ጎን ሆነ። ሾፌሩ መኪናውን እየነዳ ሒሳብም ይቀበላል፣ የሚሳፈረውንም ያያል።

ተሳፋሪዋ፦
ላሜራ ቤት፣ ይህንን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። የሞንትጎመሪ ነገር የተንጠለጠለው እዚያ በር ላይ ነው። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ለሾፌሩ ይከፍላል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዛል። ሾፌሩ እስኪገባ ላይጠብቀው ይችላል። ሮዛ ፓርክስን ያሳሰረው ሾፌር ጄምስ ብሌክ በ1943ም እንዲሁ ውረጂና በኋላ በር ግቢ ብሏት ነበር። ሰውዬው ያው አንድ ሰው ነው። በከተማዋ ደንብ ሾፌር የፖሊስ ሥልጣን ነበረው። ወንበር ሲያስለቅቅ ሕግ አስከባሪ ሆኖ ነው።

እኔ የምኖረው ሚሺጋን ነው። አውቶቡሱን ገብቼ አይቼዋለሁ። የፊት አሥሩ ወንበሮች የነጮች ነበሩ። ሮዛ የተቀመጠችው እዚያ አልነበረም፣ ከዚያ ኋላ መሐል ላይ ነው። የፊቶቹ ሲሞሉ ነው አንድ ነጭ እንዲቀመጥ ረድፉ በሙሉ ተነሱ የተባለው። ይህንን ልጆች ባዶ ቆርቆሮ እያዩ እንዴት ይረዱታል? ወንበሩ ከሌለ ታሪኩም የለም።

መዝገብ ቤት፦
እህቴ፣ ወንበሩ እኮ አሁንም የለም። ሜዳ ላይ ሲገኝ ወንበሮቹም ሞተሩም ተነቅለው ነበር። ኦባማ በ2012 ተቀምጠው የተነሱት ያ ታዋቂ ፎቶ አለ አይደል? ወንበሩ ሮዛ የተቀመጠችበት አይደለም። ከሌላ የመጣ ነው። ሰው ግን እየነካ ያለቅሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አውቶቡሱ ‹‹ያ አውቶቡስ›› መሆኑን በምን አወቅን? የእስሩ ወረቀት የአውቶቡስ ቁጥር አይጠቅስም። ማስረጃው አንድ የሞንትጎመሪ አውቶቡስ ጣቢያ ኃላፊ የጋዜጣ ቁራጮች እየለጠፈ ያቆየው ደብተር ነው። ከዜናው አጠገብ በእጁ የሾፌሩን ስምና 2857ን ጽፎበታል። ሙዚየሙ ደብተሩን በባለሙያ አስመርምሯል፣ እኔም አምነዋለሁ። ግን ማስረጃህ አንድ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን የቀረህ ምስክር የአውቶቡሱ አካል ነው። የድሮው ቀለም፣ የተነቀለው ብሎን ቀዳዳ፣ የተጠጋገነው ላሜራ። እሱን ፍቀህ ስትቀባው ምስክርህን አጠብከው ማለት ነው።

ያው ሙዚየም ፕሬዚዳንት ሊንከን በተተኮሰባቸው ምሽት የተቀመጡበትን ወንበርም ይዟል። ጨርቁ አርጅቷል፣ መደገፊያው ላይ ጥቁር እድፍ አለ። እድፉ ደም ሳይሆን በፊት የተቀመጡበት ሰዎች የፀጉር ቅባት ነው ብሎ ሙዚየሙ ራሱ ያስረዳል። ያም ሆኖ አላጠቡትም፣ ጨርቁን አልቀየሩም። ለሊንከን ወንበር የተደረገው ጥንቃቄ ለሮዛ አውቶቡስ ለምን ቀረ?

ላሜራ ቤት፦
የሊንከንን ወንበር ማንም አይቀመጥበትማ! መስታወት ውስጥ ነው። ይሄኛው ደግሞ አውቶቡስ ነው። የአውቶቡስ ሥራ ሰው መጫን ነው። ‹‹ኦሪጅናል›› የምትሉት ነገርም ለአውቶቡስ አይሠራም። የለንደኑን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሩትማስተርን እዩት። አልደንሃም በሚባለው ትልቅ ጋራዥ ለሙሉ ጥገና ሲገባ አካሉና ሥሩ ይለያዩ ነበር፣ ተጠግነው ሲወጡ አካሉ ሌላ ሥር ላይ ይጫን ነበር። ታርጋው ያው ነው፣ አውቶቡሱ ግን ያው አይደለም። ሰው ግን ‹‹የኔ አውቶቡስ›› እያለ ይሳፈርበት ነበር።

መዝገብ ቤት፦
ያ በሥራ ላይ እያለ ነው። ጥገና የኑሮው አካል ነው። ሥራውን ጨርሶ ለታሪክ ሲቀመጥ ግን ሕጉ ይለያል።

የደቡቡ፦
እናንተ ስለ ቀለም ትጨቃጨቃላችሁ። ለምን ሙዚየሙ ያለባት ዲርቦርን ከተማ ነው ያለው? ሞንትጎመሪ መሆን አልነበረበትም? ዲርቦርን እኮ ከ1942 እስከ 1978 ኦርቪል ሃባርድ የሚባል የጥቁርና የነጭ መለያየትን በይፋ የሚሰብክ ከንቲባ የነበራት ከተማ ናት። የሮዛ አውቶቡስ እዚያ መቆሙ አይገርማችሁም?

ተሳፋሪዋ፦
ይገርማል። ጥሩ መገረም ነው ግን። ሮዛ ፓርክስ ራሷ በ1957 ወደ ዲትሮይት መጥታ እስከ ሞተችበት 2005 እዚሁ ኖራለች። ዲርቦርን ጎረቤት ናት። ሞንትጎመሪማ አውቶቡሱን ሜዳ ላይ ነበራት፣ ማን ከለከላት? በጨረታው እኮ ትልቁ የአሜሪካ ሙዚየም ተቋም ስሚዝሶኒያንም የዴንቨር ከተማም ተወዳድረዋል።

ስለ ማስረጃና ስለ ኦሪጅናል ካነሳችሁ ግን ክሎዴት ኮልቪንን አትርሱ። በማርች 2 ቀን 1955፣ ከሮዛ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በ15 ዓመቷ በዚያው ከተማ አውቶቡስ ላይ አልነሳም ብላ ታስራለች። የአውቶቡስ መለያየትን ያስቀረው የፍርድ ቤት ክስ ላይ ከከሳሾቹ አንዷ እሷ ነበረች። የእሷ አውቶቡስ የታለ? ለእሱ ጨረታ የወጣለት የለም።

ጠያቂው፦
የኮልቪን ነገር ልክ ነው፣ ራሱን የቻለ ክርክር ይገባዋል።

ወደ ዝገቱ ልመለስ። ላሜራ ቤት አካሉ ይረግፋል ሲል ይገባኛል። ዝገቱን ማስቆም አንድ ነገር ነው፣ መልኩን መመለስ ሌላ። ማስቆም ብቻ ይቻል ነበር። ወንበር ይግባበት፣ ተሳፋሪዋ እንዳለችው ልጆች ይቀመጡ። የውጩን አንድ ጎን ግን ለምን አልተውትም? በአንዱ ጎን ስትመጣ የ1955 አውቶቡስ፣ በሌላው ስትዞር የ2001። ሁለቱም እውነት ናቸው። አሁን ግን 30ውን ዓመት አውቶቡሱ ራሱ አያሳይህም፣ በጽሑፍ ብታነብ ነው። ጽሑፍ ማን ያነባል?

መዝገብ ቤት፦
ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብህ ይሻላል። እኔ የምጨምረው፣ ከመቀባቱ በፊት የተነሳው ፎቶ በትልቁ አውቶቡሱ አጠገብ ይቁም።

ላሜራ ቤት፦
እሺ፣ በግማሽ እስማማለሁ። አንድ ጎን ትተህ ሌላውን ስትሠራ ግን የተተወው ጎን እርጥበት ይዞ የተሠራውንም ይበላብሃል። ከውስጥ ማጠናከሪያ ይፈልጋል፣ ሥራው እጥፍ ነው። ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል ንገረኝና ነገ እጀምራለሁ።

የደቡቡ፦
ሞንትጎመሪ ይምጣ እንጂ በሁለቱም ጎን ዝገት ቢሆን አልከራከርም።