የድሮ ላንድሮቨር ለመግዛት ላሰባችሁ፦ የትኛውን፣ ከየት፣ ምን አይታችሁ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወንድማችን ያዘኝና «የድሮውን ላንድሮቨር ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ብርዱ ላይ ቆመን አርባ ደቂቃ አወራን። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ደውለው ያንኑ ጠየቁኝ። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ላስፍረው። የምኖረው በርሚንግሃም ነው። ላንድሮቨር የተወለደበት ሶሊሀል እዚሁ አጠገባችን ነው። የ1967 ሲሪስ 2ኤ (ከድሮዎቹ ላንድሮቨር ሞዴሎች አንዱ፣ ሁሉንም ከታች አነጻጽራቸዋለሁ) ይዤ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወንድማችንን መጀመሪያ የጠየቅኩት «ልጅ ሆነህ የተሳፈርክበት ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ነው። «መብራቶቹ መሀል ላይ ተጠጋግተው ያሉት» አለኝ። ግማሹ መልስ ተገኘ ማለት ነው። መብራቱ መሀል ፍርግርጉ ጋ ከሆነ መኪናው ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠራ ነው። በ1968 እና 1969 ገደማ መብራቶቹ ወደ ፓራፋንጎው ወጡ። ብዙዎቻችን ገጠር ስንሄድ ከኋላ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን የተቀመጥንበት፣ አቧራው በሸራው ቀዳዳ የሚገባው፣ ያ መኪና ነው። ልዩነቱ የኛዎቹ ግራ መሪ ነበሩ፤ እዚህ የምታገኙት ቀኝ መሪ ነው።

አመጣጡን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ለግዢውም ይጠቅማችኋል። በ1947 የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ ደሴት ላይ ባለው እርሻው ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር። ጂፑ ሲያልቅ በምን እንደሚተካው ሲያስብ፣ ሬድ ወርፍ ቤይ የባሕር ዳርቻ አሸዋው ላይ የአዲስ መኪና ንድፍ ሣለ ይባላል። ጊዜው ብረት በራሽን የሚታደልበት ነበር። አልሙኒየም ግን ነበረ። ስለዚህ ሻንሲው (ከሥር ሆኖ መላውን መኪና የሚሸከመው አካል) ከብረት፣ ላሜራው ከአልሙኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሚያዝያ 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ዋጋው 450 ፓውንድ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። ላሜራው አይዝግም፣ ሻንሲው ግን ይዝጋል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና ታያላችሁ፤ ከሥሩ ግን አልቋል።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ መኪናዬ ሲሪስ 3 ነበረች። ስሙን የማልጠቅሰው ነጋዴ ሸጠልኝ። ሥሯ በጥቁር ቅባት ተለቅልቆ አዲስ ይመስላል። ደስ ብሎኝ ወሰድኳት። ከሁለት ወር በኋላ ሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ በያጅ እንግሊዛዊ ከሥሯ ገብተው ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ቆረቆሩት። ጤነኛ ብረት ቀጭን ድምፅ አለው፣ ይጮኻል። የኔዋ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠች። ሦስተኛው ምት ላይ መዶሻው ገባ። ሰውየው ምንም ሳይናገሩ በቀዳዳው ጣታቸውን ሰደው እፍኝ ሙሉ የዝገት ቅርፊት አወጡልኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ እራት አልበላሁም።

ስለዚህ መዶሻና ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «አትቆርቁሩ» ካላችሁ ተመለሱ። የኋላውን የሻንሲ አግዳሚ፣ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹን፣ ከሻንሲው ወደ ጎን የወጡትን እጆች ፈትሹ። ምንጣፉን አንሡና እግር የሚያርፍበትን ወለል እዩ። የበሩ ማጠፊያ የተያዘበትን ምሰሶም እንዲሁ። አልሙኒየሙ ብረት በነካበት ቦታ ነጭ ዱቄት ካለ እርጥበት ገብቶ አልሙኒየሙን እየበላው ነው። ዘይት ማንጠባጠቡ አያስደንግጣችሁ፣ ሁሉም ያንጠባጥባል።

ከዚያ ንዱት። ጋዙን ድንገት ስትለቁ ማርሹ ዘሎ ከወጣ ካምቢዮው ሥራ ይፈልጋል። ወለሉ ላይ ሦስት ዘንጎች ታገኛላችሁ። ጥቁሩ ዋናው ማርሽ ነው። ቢጫውን ወደ ታች ስትጫኑት የፊት ጎማም ይሠራል። ቀዩ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆነውን ከባድ ማርሽ ያስገባል። ሦስቱንም እዚያው ሞክሯቸው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ።

ሲሪስ 1 ከ1948 እስከ 1958 የተሠራው ነው። የመጀመሪያዎቹ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 80 ኢንች ናቸው፣ ሞተራቸው 1.6 ሊትር። እስከ 1951 አካባቢ መብራታቸው ከፍርግርጉ ጀርባ ነበር። በጣም ያምራሉ። ግን አሁን የሰብሳቢ ዕቃ ሆነዋል። ኩባንያው ራሱ በ2016 ሲሪስ 1ዎችን እንደ አዲስ አድሶ መሸጥ ጀምሯል፣ ዋጋው የኛ ዓይነት ሰው የሚደፍረው አይደለም። ገንዘቡና ጋራዡ ካላችሁ ግዙ። ለየዕለቱ መንዳት፣ ልጅ ለማድረስ ከሆነ አልመክርም።

ሲሪስ 2 በ1958 መጣ። ጎኑ ላይ የምታውቋት ለስላሳ ጉብታ የመጣችው ያኔ ነው። 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተርም አብሮ መጣ። ይህ ሞተር ነው የላንድሮቨርን ስም ያስከበረው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ብትበድሉትም ይችላችኋል። በ1961 የተከተለው 2ኤ ያንኑ ቤንዚን ይዞ 2.25 ናፍጣ ጨመረ። ለወንድማችን የጠቆምኩት 2ኤን ነው፦ አጭሩን፣ 88 ኢንቹን፣ ቤንዚኑን። መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ የልጅነት መልኩም አለው። ናፍጣው ጩኸቱ ይከብዳል፣ ዳገት ላይም ያስለምናል።

ቤተሰቡ ሰፋ ያለ ረጅሙን፣ 109 ኢንቹን ይይ። 12 ሰው የሚጭን ስቴሽን ዋገን አለው። 12 ሰው ከጫነ በሕግ አውቶቡስ ስለሚባል የዘመኑን የግዢ ግብር ያመልጥ ነበር፤ ለዚያ ነው ወንበር የጠቀጠቁበት። ለክርስትና፣ ለሰርግ፣ ለመንፈሳዊ ጉዞ የሚሆን ነው። ማቆሚያ ቦታ ግን አስቡበት።

ሲሪስ 3 ከ1971 እስከ 1985 ተሠራ። ከሁሉም በብዛት የሚገኘውና ዋጋው የሚቀለው እሱ ነው። አራቱም የፊት ማርሾች ሳይንቋቁ ይገባሉ፣ ዳሽቦርዱ ከነጂው ፊት ነው። በ2ኤ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥ መልመድ ያስፈልጋል። አሮጌ መኪና ነድቶ ለማያውቅ ሲሪስ 3 ይቀላል። እኔ በሷ ብጎዳም ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም።

ለከተማ ብቻ ከፈለጋችሁ በዚያው በ1948 የወጣችውን ሞሪስ ማይነር የተባለች ትንሽ መኪና አስቡ። ለስላሳ ናት፣ ነዳጅም አትበላም። ላንድሮቨር ባሌስትራው ይነርታል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ፌሪ የሚባለው ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) የተገጠመለት ካገኛችሁ አውራ ጎዳና ላይ ጆሯችሁ ያርፋል።

ሻንሲው ካለቀስ? ሁለት መንገድ አለ። መጣፍ ወይም መቀየር። የተበሳው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ጥሩ በያጅ ይበቃል። አራትና አምስት ቦታ ከሆነ ግን በየዓመቱ ስታስበይዱ ትኖራላችሁ። ዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ ይሻላል። ሪቻርድስ እና ማርስላንድ የሚባሉ ኩባንያዎች ይሠራሉ፤ በሁለቱም ጓደኞቼ ገጥመዋል፣ ቅሬታ አልሰማሁም። እኔ የሪቻርድስን ነው ያስገባሁት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ልክክ ብለው ገጥመዋል። ከመቀየራችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ጉዳይ ከመኪና ምዝገባ ቢሮው ጋር ጨርሱ። ስትገዙም ፊት ለፊት በቀኝ ባሌስትራ ማንጠልጠያ አካባቢ የተመታው ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር መግጠሙን እዩ። ካልገጠመ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት።

ለመለዋወጫ ማትሎክ ከተማ ያለው ፓዶክ የሚባል ሱቅ ይሆናችኋል። ብዙ ጊዜ ለአንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ጥራት ያቀርባል። ለወንበር ልብስ ርካሹን ውሰዱ። ለፍሬን፣ ለመሪ፣ ለጎማ ኩሽኔታ ግን ውዱን ግዙ፣ በዚህ አልደራደርም። ሸራና ወንበር አዲስ ካሻችሁ ኤክስሙር ትሪም ስፌቱ ጥሩ ነው፤ ዝናብ አላስገባብኝም።

የሰፈር ጋራዥ? ኮምፒውተር ሰክቶ የሚሠራ ልጅ ካርቡራቶር ሲያይ ግራ ይገባዋል፣ አይፈረድበትም። ከኛ ሰዎች መካከል አዲስ አበባ ወይ አሥመራ ጋራዥ የሠሩ አባቶችን ፈልጉ። እኔ ካንዴላና ፑንቲና (የሞተሩን እሳት የሚሰጡትን) ማስተካከል የተማርኩት ከአንድ እንደዚህ ያሉ ጋሼ ነው። ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ደግፈው «ሦስተኛው ሲሊንደር አይተኩስም» ይላሉ፣ ሲፈታም እውነት ይሆናል።

ስለ ወጪው፦ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ መኪና በታሪካዊ መደብ ካስመዘገባችሁት የመንገድ ግብር የለውም። በጣም ካልተለወጠ ዓመታዊ ምርመራም ግዴታ አይደለም። ምርመራውን ግን እኔ በፈቃዴ በየዓመቱ አስደርጋለሁ፣ ልጆቼ ስለሚሳፈሩ። የለንደኑን የአየር ብክለት ክፍያም ሆነ የበርሚንግሃሙን አይከፍልም። በተለምዶ የሚሸጠው ቤንዚን ከ2021 ጀምሮ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) አለው። ነዳጅ የሚያልፍባቸውን የድሮ የላስቲክ ቱቦዎች ስለሚያበላሽ፣ ኢታኖሉ ከ5 በመቶ የማይበልጠውን ኢ5 የሚባለውን ቅዱ። ኢንሹራንስ ስትገቡ ዋጋውን አስቀድማችሁ የምትስማሙበትን የክላሲክ ውል ጠይቁ።

ወንድማችን ቅዳሜ ሽሩስበሪ አካባቢ አንድ 2ኤ ሊያይ ነው። አብሬው እሄዳለሁ፣ መዶሻው ከረጢቴ ውስጥ ነው። ስትሄዱ አብሬያችሁ እንድመጣ የምትፈልጉ ካላችሁ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉልኝ።