ጆሮ ሸረሪት፦ ከበረንዳ እንዴት ትነሳ? ዕቃ ጭኖ መዛወርስ?

የአትላንታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በረንዳችን ምሰሶና በመብራቱ መካከል ትልልቅ ቢጫ ሸረሪቶች ወርቃማ ድር ሠርተዋል። ጆሮ የምትባለው የጃፓኗ ሸረሪት ትመስለናለች። መሆኗን በምን እንለይ? ለልጆችስ ታሰጋለች? ደግሞ በኖቬምበር መጨረሻ ወደ ሜሪላንድ ስለምንዛወር የአበባ መትከያዎቹንና ማገዶውን ስንጭን አብራ እንዳትሄድ ምን እናድርግ? መርዝ ልንረጭ አስበናል።

ባለጓሮ፦
የሴቷ ገላ ከእግሯ ውጪ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጀርባዋ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ አረንጓዴ መስመር አግድም ያልፍበታል፤ ሆዷን ከሥር ብታዩት ቀይ ምልክት አለው። ወንዱ ቡናማ ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ ድሩ ዳር ላይ ካልፈለጋችሁት አይታይም። ከድሩ መሐል ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ዚግዛግ ካያችሁ ግን ያቺ ያገሩ ጥቁርና ቢጫ የጓሮ ሸረሪት ናትና አትንኳት። እግሯ ላይ እንደ ብሩሽ የቆመ ጸጉር ያላትም ሌላ ናት።

ንክሻዋ እንደ ንብ መንደፊያ ያማል እንጂ ጤነኛ ሰው አይጎዳም። የምትነክሰውም ሰው ሲጫናት ነው። በሳሙናና በውሃ አጥቦ በረዶ መያዝ ይበቃል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአየር እፍ ሲሉባት ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቃ ቆይታለች፤ ይህን ያህል ፈሪ ናት።

መጥረጊያ፦
መርዙን ተዉት። የሚገድለው በቀጥታ ያረፈባትን ብቻ ነው፤ ከጎረቤት ዛፍ ሌላዋ ትመጣለች፣ ንቦቹ ግን ያልቃሉ። እጀታው ረጅም የሆነ መጥረጊያ ያዙና ድሩን ከላይ፣ ጣሪያው ላይ ከታሰረበት ጀምራችሁ እየጠቀለላችሁ አውርዱ። ከታች ከጀመራችሁ ወደ ክፈፉ ሽቅብ ሮጣ ታመልጣለች። ከዚያ 4 ሊትር ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ መጥረጊያውን ነክሩት። ድሩ ጠንካራ ስለሆነ ጸጉር ላይ ከያዘ አይለቅም፤ ኮፍያ አድርጉ። የበረንዳውን መብራት ሌሊት አጥፉ፤ እሷን የሚያስቀምጣት ወደ መብራቱ የሚመጣው ነፍሳት ነው።

ኖቬምበር ላይ ግን ዋናው ጣጣ እናትየው አይደለችም። እንቁላሏን በመኸር ጥላ በውርጭ ትሞታለች። አንዱ ከረጢት 400 ወይም ከዚያ በላይ እንቁላል ይይዛል፣ ክረምቱንም ይሻገራል። ጫጩቶቹ በጸደይ ፈልፍለው በቀጭን ክር ነፋስ ላይ ይንሳፈፋሉ። የመትከያዎቹን ከንፈር ከሥር፣ የታጠፉ ወንበሮችን፣ የጥብስ ምድጃውን ክዳን፣ የመኪናውን ጎማ ዙሪያ በባትሪ ፈትሹ። ነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥጥ መሳይ ነገር ካገኛችሁ በቀለም መፋቂያ ፍቃችሁ ሳሙናው ውስጥ ጨምሩት። መሬት ላይ ጠርጎ መጣል ዋጋ የለውም፤ እዚያው ይፈለፈላል።

ነፍሳት ወዳድ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን "ሰው አትጎዳም" ማለት ጉዳት የላትም ማለት አይደለም። ሰሜን ምሥራቅ ጆርጂያ ውስጥ መኖሯ የተረጋገጠው በ2014 ነው፤ ከእስያ በጭነት ኮንቴይነር ሳትመጣ አልቀረችም። ዛሬ በሁለቱም ካሮላይናና በቴነሲ አለች። በበዛችበት አካባቢ ያገሩ ድር ሠሪ ሸረሪቶች አንሰው ተገኝተዋል። ሲነኩት የሚከረፋውን ቡናማ ተባይ መብላቷ ደግ ነው፣ ንብና ቢራቢሮም ግን ትበላለች። ብርድ ያቆማታል ብላችሁም አትዘናጉ፤ የጃፓን ክረምት ለምዳለች።

የአትላንታዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ማገዶውን አራግፈን ብንጭነውስ?

መጥረጊያ፦
አይሆንም። ከረጢቱ ቅርፊት ሥር ሲጣበቅ በማራገፍ አይወድቅም፣ እንጨት የሚበሉ ሌሎች ተባዮችም ይሄዱበታል። ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው አንድዱት ወይም ለጎረቤት ስጡ፣ ሜሪላንድ ስትደርሱ የዚያን አካባቢ እንጨት ግዙ።