ብሌንደር ላይ እንጨቴ ፕላስቲክ መሰለብኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ የአንድ የድሮ ቤት የእንጨት በር በብሌንደር (በ3ዲ መሥሪያው ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ሞዴሉ አልቋል፣ ቅርጻ ቅርጹም ቆንጆ ወጥቶልኛል። ያቃተኝ እንጨቱ ነው።

ሞዴሉ ላይ የእንጨት ፎቶ መለጠፍ አልፈለግሁም፣ ምክንያቱም ፎቶው የሳንቃው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይለጠጣል፣ ያው አንዱ ጉጥ እየተደጋገመም ያስጠላል። ስለዚህ በኖድ (እየተያያዙ የዕቃውን መልክ በሚሠሩ ሳጥኖች) ጀመርኩ። ዌቭ ቴክስቸርን (የሞገድ ንድፉን) ሪንግስ፣ ማለትም ቀለበት፣ ላይ አድርጌ፣ በኖይዝ (በዘፈቀደ ንድፍ) አዛብቼ፣ በከለር ራምፕ ቀለም ሰጠሁት። ኮኦርዲኔቱን (ንድፉ የሚቀመጥበትን መለኪያ) ኦብጀክት፣ ማለትም የዕቃው የራሱ፣ ስላደረግሁት የፊቱ መስመርና የጫፉ ቀለበት በትክክል ይገናኛሉ። እዚህ ድረስ ደስ ይላል።

ችግሩ ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ያብለጨልጫል። እውነተኛው በር እንዲህ አይደለም፤ እጅ የሚነካው መዝጊያው አካባቢ ጠቁሮ ልሟል፣ ታችኛው ጫፍ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ መስመሩን በጣት መዳበስ ይቻላል። ራፍነሱን (የሻካራነቱን መጠን) ከቀለሙ ኖይዝ ጋር ሳገናኘው እርጅና ሳይሆን ቆሻሻ ይመስላል። በምፑን (የላዩን ወጣ ገባ) ከፍ ሳደርግ ደግሞ ቅርጻ ቅርጹን ይውጥብኛል።

ልምዱ ያላችሁ ንገሩኝ፦ ልስላሴውንና ስንጥቁን በየቦታው ለመለየት ማስክ (የቱ ቦታ ምን እንደሚሆን የሚለይ ሥዕል) በእጅ ልቀባ ወይስ በኖድ የሚሆን መላ አለ? ሳንቃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይሆኑስ ኦብጀክት ኢንፎ የሚባለው ኖድ ላይ ያለውን ራንደም (ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለየ ቁጥር የሚሰጠውን) የት ልሰካው? ላፕቶፔ ደከም ያለ ስለሆነ ሳይክልስ (የብሌንደር ከባዱ የምስል ማውጫ) ላይ ብዙ አይችልም። በሩ ሳይታደስ ወይም ሳይቀየር እንዳለ ልቀርጸው በጣም እፈልጋለሁ። ፋይሉን ለሚያይልኝ ሰው ወዲያው እልካለሁ።