«ህዝቡ ነው የማይመርጣቸው» ስትል ምን ማለትህ ነው?

የሸገር ልጅ፦ ትናንት በረዶው የተባለ ወንድማችን «ሩሲያ ውስጥ ሁሌም ተፎካካሪ አለ፤ ህዝቡ ነው የማይመርጣቸው» ብሎ ጻፈ። ሲከነክነኝ አደረ። እስኪ እ.ኤ.አ. በ2024 የፕሬዚዳንት ምርጫ ወረቀቱ ላይ የነበሩትን እንያቸው። ፑቲን፣ ካሪቶኖቭ፣ ዳቫንኮቭ፣ ስሉትስኪ። ስሉትስኪማ በፑቲን ላይ እንደማይቀሰቅስ አስቀድሞ ተናግሯል። ይሄ ተፎካካሪ ነው አጃቢ?

በረዶው፦ ጽፌያለሁ፣ አልመለስም። ኮሚኒስቱ ካሪቶኖቭ በ2004 13.7 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ከ20 ዓመት በኋላ ያው ሰውዬ 4.3 በመቶ። ህዝቡ ኮሚኒስቶቹን ተዋቸው፣ በቃ። የ90ዎቹን ውርደት ያየ፣ ደሞዙ ለወራት ያልተከፈለው ሰው ፑቲንን ቢመርጥ ምን ይገርማል?

ሚሚ ዘካዛንቺስ፦ «የማይመርጣቸው» ለማለት እኮ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ መግባት አለባቸው! ናዴዥዲን የሚባል ፖለቲከኛ የዩክሬኑን ጦርነት እቃወማለሁ ብሎ በ2024ቱ ምርጫ ሊወዳደር ተነሳ። በዚያ በጥር ብርድ ሰው ፓስፖርቱን ይዞ በረዶ ላይ ተሰልፎ ፈረመለት። ቪዲዮውን አይቼ አልቅሻለሁ። ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ አስገባ። የምርጫ ኮሚሽኑ ከ9 ሺህ በላዩ ልክ አይደለም ብሎ ሰረዘው። ሌላዋ ጦርነቱን ተቃዋሚ ዱንትሶቫ ደግሞ ፊርማ ማሰባሰቡ ላይ እንኳ አልደረሰችም። ሰነድሽ ስህተት አለበት ተባለች።

በረዶው፦ ህግ ህግ ነው። ደግሞስ ናዴዥዲን ቢገባ ያሸንፍ ነበር?

የሸገር ልጅ፦ ያሸንፋል ያለህ የለም። አንተ ያልከው «የማይመርጣቸው» ነው። ያልቀረበለትን ሰው እንዴት አልመረጠውም ትለዋለህ? የተቃዋሚውን መሪ ናቫልኒን በ2018 እንዳይወዳደር አገዱት። በ2024 ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው እስር ቤት ሞተ። እሱንም ህዝቡ አልመረጠውም ልትል ነው?

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ እኔ እ.ኤ.አ. በ1996 ሞስኮ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበረው ዬልሲን በመጀመሪያው ዙር 35 በመቶ፣ የኮሚኒስቶቹ መሪ ዚዩጋኖቭ 32 በመቶ አገኙ። ሁለተኛ ዙር የተደረገበት ብቸኛው የሩሲያ ፕሬዚዳንት ምርጫ እሱ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው በየወጥ ቤቱ ሲከራከር ያድር ነበር።

በረዶው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የ1996ቱን ንጹህ አያድርጉብኝ። ቴሌቪዥኑ የማን ነበር? ዬልሲን ከሁለተኛው ዙር በፊት ልቡን ታሞ ህዝቡ እንዳያውቅ ተደብቋል። ምዕራቡም በገንዘብ ደግፎታል።

ጋሽ መምህር፦ ልክ ነህ ልጄ፣ አልክድም። «ኔ ዳይ ቦግ» የሚባል ጋዜጣ ነበር፤ በኛ «አያድርስ» እንደማለት ነው። ባለቀለም፣ በነፃ፣ በየፖስታ ሳጥኑ ይገባ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ዚዩጋኖቭን ማስፈራሪያ ነው። እንዲያም ሆኖ 40 በመቶ ሰው መረጠው።

ሚሚ ዘካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ በረዶው እኮ ሆን ብሎ ወደ ዬልሲን ወሰደን። ጥያቄው አልተመለሰም። በ2004 የብሔርተኛው ፓርቲ መሪ ዝሪኖቭስኪ ራሱ ቀርቶ ፓርቲው ጠባቂውን ማሊሽኪንን ነው ያቀረበው። ይሄንንም ህዝቡ አልመረጠውም ትላለህ?

በረዶው፦ ዝሪኖቭስኪ ስድስቴ ተወዳድሯል። በ1991 ሦስተኛ ወጥቷል። እሱን አጃቢ የሚል ካለ ይምጣ።

የሸገር ልጅ፦ እኔ ያልኩት ስሉትስኪን ነው። እስኪ ስለ ስሉትስኪ መልስልኝ።

በረዶው፦ አንተ በ1996 የተሰራውን እመን፣ እኔም እመልስልሃለሁ።