ከአዲስ አበባ ሳንርቅ ገደልና ዐለት የምናይበት አጭር የእግር ጉዞ፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ስለ ድንጋይ ዓይነቶች ከተማረ ወዲህ «ትልቅ ገደል አሳዩኝ» እያለ መቀመጫ አሳጥቶናል። እናቴም መምጣት ትፈልጋለች። 63 ዓመቷ ነው፤ አንድ ጉልበቷ ያማታል። አንድ ሰው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሂዱ አለኝ። ግን እሑድ ጠዋት ወጥተን ማታ ቤታችን መግባት አለብን። ከአንድ ሰዓት በላይ መራመድም አንችልም። የት ይሻለናል?

ከሰበታ፦
እህቴ፣ አዋሽ በአንድ ቀን አይሆንላችሁም። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ብቻ ቀኑን ይጨርሰዋል። አገሩ ቆላ ነው፣ ለእናትሽ ሙቀቱ ይከብዳል። አንበሳና አዞ ስላለም ከመኪና ወርዶ እንደልብ መንሸራሸር የለም። ፏፏቴውና የፈንታሌ ተራራ ሌላ ጊዜ፣ አድራችሁ ስትሄዱ።
እኔ የምመክርሽ መናገሻ ሱባን ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ ሁሉም አለ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ልጅሽ ያያል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ ዘር የለማ ጫካ ነው ይባላል። ጫካው ያለበት ወጨጫ ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ ግን 3,385 ሜትር ስለሆነ እሱን አትሞክሩት። ታች ያለው መንገድ ይበቃችኋል።

ከሱሉልታ፦
ሱባን እኔም እወደዋለሁ። ግን ልጁ የጠየቀው ገደል ነው፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ዛፉ ይጋርደዋል። ደብረ ሊባኖስ ውሰጂው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጎጃም መንገድ ደብረ ፅጌን አልፈሽ፣ ፍቼ ሳትደርሺ ወደ ቀኝ ትታጠፊያለሽ። ትንሽ እንደሄድሽ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደሉ ይመጣል። እዚያው «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። ከመንገዱ ቀስ ብለን ሄደን 20 ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀብን።
ለልጁ እንዲህ በይው፦ ላይ ያለው ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ቀልጦ እየፈሰሰ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ የረጋ። ቤት ስንሠራ ለመሠረት የምናስገባው ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው። ከሥሩ ነጣ፣ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ በዕድሜ ይበልጠዋል። ከአፋፉ ሆኖ በዓይኑ ይለየዋል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የእናቴ ጉልበት ነው የሚያሳስበኝ። ቁልቁለት አለው?

ከሱሉልታ፦
አለው። ቁልቁለት ጉልበት ላይ ከዳገት ይብሳል፤ ሰው ግን ሲወርድ አይታወቀውም። ተራራ ሲሆን ስትደክሚ ትመለሻለሽ። ገደል ሲሆን ግን የደከምሽው ታች ሆነሽ ነው፤ ዳገቱ ገና ይጠብቅሻል። ስለዚህ እማማ አፋፉ ላይ ይቀመጡ። ዋናው ዕይታ ያለው እዚያ ነው፣ ምንም አይቀርባቸውም። ልጁን ይዘሽ አንቺ ብቻ ድልድዩ ድረስ ሂጂ። ከድልድዩ በታች አትውረዱ። ለእማማ ከዘራ ያዢላቸው። ከዚያ በመኪና ገዳሙ ወርደው ይሳለሙ፤ ጠበልም አለ። ነጠላ እንዳይረሱ።

ከፍቼ፦
አራት ነገር ልጨምር። አፋፉ አጥር የለውም፤ የልጁን እጅ እንዳትለቂ። ጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መንጋ ሆኖ ሣር ሲግጥ ታገኛላችሁ። ከአገራችን ውጭ የትም የማይገኝ ነውና ልጁ በደንብ ይየው። ግን ምግብ እንዳይሰጠው፣ ከለመደ ይቀማል። ሌላው ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግና ጭቃ ነው፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ውሃውም አለ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በዋዜማው ደግሞ እዚህ አካባቢ የምታውቂው ሰው ጋ ደውለሽ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቂ። ይሄን ቸል አትበይ።

ከየካ፦
መንገዱ ካልተመቸ ቅርባችሁ ዋሻ ሚካኤል አለ፣ የካ ተራራ ላይ። ከዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ገደል አይደለም፣ ግን ልጁ ዐለት በሰው እጅ ሲጠረብ ምን እንደሚመስል ያይበታል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ደብረ ሊባኖስ እንሄዳለን። ቅዳሜ ማታ ደውዬ መንገዱ አይሆንም ከተባልኩ ዋሻ ሚካኤል። እናቴ ከዘራ አልይዝም ብላ ነበር፤ የሱሉልታውን መልስ ሳነብላት እሺ አለች።