የበቀለ የበርበሬ ዘር አፈር ውስጥ ስለሚጠፋብኝ ምክራችሁን እሻለሁ

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ያለኝ ቦታ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ ጠባብ በረንዳ ነው። የማረቆ ፋና በርበሬ ዘር በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ሙቀት ባለበት ሳስቀምጠው ያለ ችግር ይበቅላል፤ ችግሩ የሚጀምረው ነጩ ሥር ብቅ ካለ በኋላ ወደ አፈር ሳዛውረው ነው። ከፊሉ ከነጭራሹ አይወጣም፤ የወጣውም ሁለት ቅጠል እንደዘረጋ፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ክር ይቀጥንና ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ይተኛል።

አፈሩ ከችግኝ ሻጮች የገዛሁት ጥቁር አፈር በፍግ የተቀላቀለ ነው። ውኃ ሳጠጣው ላዩ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ግን ለቀናት ጭቃ እንደሆነ ይቆያል። በርበሬ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት እንደሚስማማው አውቃለሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ተባብረው ለሻጋታ በሽታ መንገድ የከፈቱ ይመስለኛል።

ሥሩ ምን ያህል ሲረዝም ላዛውረው? ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል ወይስ ይበዛበታል? በተለይ አሸዋና ኮምፖስት በምን መጠን ልቀላቅል፣ አፈሩንስ አስቀድሜ በፈላ ውኃ ማከሙ ይጠቅም እንደሆነ የሞከረ ሰው ቢነግረኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ዘሩ እናቴ መርጣ ካደረቀችው ዛላ የተለቀመ በመሆኑ በሌላ ለመተካት ልቤ እሺ አይልም፤ የቀረኝም ጥቂት ነው።