አርክቴክቸር ልግባ ወይስ ፋርማሲ? ምከሩኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የናቹራል ሳይንስ ፍሬሽማን ነኝ፤ ዲፓርትመንት የምንመርጥበት ጊዜ ደርሷል። ልቤ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተቸግሬያለሁ።

መሳል ነፍሴ ነው። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። የእኛ ማዕድ ቤት መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ስለሆነ ጭሱ አይወጣም፤ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ዓይኗን ይለበልባታል። መስኮቱን ወደ ጓሮ አዙሬ፣ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ ጨምሬ ፕላን ሠራሁላት። እንዲህ ያለ ነገር ስይዝ መምሸቱም አይታወቀኝ።

ኬሚስትሪም ጎበዝ ነኝ። ፋርማሲ ሲባል ግን የሚስበኝ መድኃኒት ቤት ቆሞ መዋሉ ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ የመድኃኒት ጥራት መመርመሩ ነው። ቤተሰቦቼ "ፋርማሲ ያዋጣሻል" ይላሉ። እውነታቸውን ይመስለኛል፤ ግንባታ ሲቀዘቅዝ አርክቴክቱም ሥራ ይፈታል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ፣ የትኛውንም ብገባ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። ስለዚህ የማልወደውን ተምሬ እዚያ መድረስ ያስፈራኛል።

አርክቴክቶች፣ የመጀመሪያ ሥራችሁን እንዴት አገኛችሁ? ውሏችሁ ዲዛይን ማውጣት ነው ወይስ የሌላ ሰው ንድፍ ኮምፒውተር ላይ መሥራት? ሴቶች ሳይት ላይ እንዴት ናችሁ? ፋርማሲስቶች፣ መድኃኒት ፋብሪካ የገባችሁ ካላችሁ የላብራቶሪ ውሎ ምን ይመስላል? አዲስ ተመራቂስ ይቀጥራሉ? ደመወዙንም ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ፎርሙን የምሞላው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እባካችሁ፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ።